ጠባይና ስሙ፦ በጎነትና እኩይነት በምዕራባውያን የሥነ ምግባር ፍልስፍና፣ ከጎጃም ሲታይ

(በቡሬ ከተማ ለተማሪዎችና ለመምህራን የቀረበ ሕዝባዊ ትምህርታዊ ንግግር)



አንዱን ሰው «ጀግና ነው»፣ ሌላውን «ስስታም ነው»፣ ሦስተኛውን «ጨዋ ነው» ስንል የምንፈርደው በአንድ ድርጊት ላይ ብቻ አይደለም። የምንፈርደው በሰውየው ላይ ነው። ትናንት ምን አደረገ ከሚለው አልፈን፣ ነገም ምን ዓይነት ሰው ሆኖ ይገኛል የሚለውን እየተናገርን ነው። የምዕራቡ ዓለም የሥነ ምግባር ፍልስፍና የተጀመረው ከዚህ የዕለት ተዕለት ንግግር ነው። ዛሬ ላቀርብላችሁ የምሻው የዚህን ፍልስፍና አጭር መንገድ ሲሆን፣ በመንገዱ ላይ የሚመራን አንድ ጥያቄ ነው፤ እኩይ ጠባይ የበጎ ጠባይን ስም ለብሶ ሲመጣ በምን እናውቀዋለን?

ጥያቄው የመጻሕፍት ብቻ አይደለም። በስም የተነሣ ሰው ይሞታል፤ በስም የተነሣ ልጅ ያለ ፈቃዱ ዕድሉ ይወሰናል፤ በስም የተነሣ ብልጥ ሰው እንደ ብልህ ይከበራል።

ስለ ቃላቱ

ግሪኮች በጎ ጠባይን «አሬቴ» ይሉታል። ቃሉ በመሠረቱ ልቀት ማለት ነው፤ ለሰው ብቻም አልተሰጠም። የቢላዋ አሬቴ ስለቱ ነው። የፈረስ አሬቴ በሩጫ መፍጠኑ፣ ጋላቢውን በሚገባ መሸከሙና በጠላት ፊት አለመሸሹ ነው፤ ይህን ከጎረቤታችን ከአዊ ፈረሰኞች የተሻለ የሚረዳ የለም። ሮማውያን ቃሉን ወደ ላቲን ሲመልሱ «ቪርቱስ» አሉት፤ «ቪር» ማለት ወንድ ነውና የቃሉ ሥር ወንድነት ነው። «እሱማ ወንድ ነው» የሚለው የእኛ ምስጋና ለሮማውያን ጆሮ ባዕድ ባልሆነ ነበር።

በእኛ ዘንድ ደግሞ ከግእዝ የወረስነው «ትሩፋት» አለ። ሥሩ «ተርፈ» ነው፤ መትረፍ፣ መብለጥ፣ ከሚጠበቀው በላይ መሆን። ስለዚህ ትሩፋትና አሬቴ በአሳብ ይቀራረባሉ፤ ሁለቱም የሚናገሩት ስለ መላቅ ነው። «ጠባይ» ግን ሌላ ችግር ያመጣብናል። ቃሉ ተፈጥሮንም ያመለክታልና «ተወው፣ ጠባዩ ነው» ስንል ሊለወጥ አይችልም ብለን ይቅርታ እናደርግለታለን። በሌላ በኩል «ዓመል ያወጣል ከመሀል» እያልን ያንኑ ሰው በጠባዩ ተጠያቂ እናደርገዋለን። ጠባይ ተፈጥሮ ከሆነ ሰው እንዴት ይወቀስበታል? ከአሪስቶትል ጋር የሚያገናኘን ይህ ጥያቄ ነው።

ልማድ፣ ምርጫና ልክ

ከአሪስቶትል በፊት አፍላጦን «ፖሊቴያ» በተባለው ድርሳኑ አራት ዋና በጎ ጠባያትን ለይቶ ነበር፦ ጥበብ፣ ጀግንነት፣ ራስን መግዛትና ፍትሕ። አሪስቶትል በአሥር መጻሕፍት በተከፈለው «የኒቆማከስ ሥነ ምግባር» ደግሞ በጎ ጠባይ ከየት ይመጣል ብሎ ጠየቀ። መልሱ ከተፈጥሮም አይደለም፣ ከተፈጥሮ ውጭም አይደለም የሚል ነው። ድንጋይ ስንት ጊዜ ወደ ላይ ቢወረወር ወደ ላይ መሄድን አይለምድም። ሰው ግን ይለምዳል። ተፈጥሮ የመቀበል ችሎታ ትሰጠናለች፤ ልማድ ያንን ችሎታ ወደ ጠባይ ያደርሰዋል። ልጅ ስለ እርሻ ሲነገረው ውሎ ገበሬ አይሆንም፤ እርፍ ጨብጦ፣ ትልሙ እየተጣመመበት፣ አባቱ እያረመው ይለምዳል። እንዲሁም ፍትሕ በማድረግ ፍትሐዊ፣ ራስን በመግዛት ራስን የሚገዛ ሰው ይኮናል።

ይሁን እንጂ ሙያና በጎ ጠባይ አንድ አይደሉም። የአራሽ ሥራ ትልሙን አይተን ይመዘናል፤ ልቡ ምን እንዳሰበ አንጠይቅም። ለበጎ ሥራ ግን አሪስቶትል ሦስት ቅድመ ሁኔታዎች ያስቀምጣል። አንደኛ፣ ሠሪው የሚሠራውን አውቆ ይሥራ። ሁለተኛ፣ መርጦ፣ ያውም ለሥራው ለራሱ ሲል መርጦ ይሥራ። ሦስተኛ፣ ከጸናና ከማይናወጥ ጠባይ ተነሥቶ ይሥራ። እነዚህን ሦስቱን ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ ደጋግመን እንመለስባቸዋለን።

ቀጥሎ ታዋቂው የ«መካከለኛነት» አሳብ አለ። ልግስና በስስትና በብክነት መካከል ነው፤ ጀግንነት በፍርሃትና በግብታዊነት መካከል ነው። ብዙዎች ይህን «ሁሉን በመጠኑ» የሚል ምክር አድርገው ይወስዱታል። አሪስቶትል ግን ልኩ «ለእኛ» የሚሆነው ልክ እንጂ የሒሳብ እኩሌታ አይደለም ይላል። ለታወቀው ትግለኛ ለሚሎ የሚያንሰው ምግብ ለጀማሪ ይበዛል። ለበቆሎ ማሳ የሚጨመረው ማዳበሪያም እንዲሁ ነው፤ ትክክለኛው መጠን አፈሩን፣ ዝናቡንና የሰብሉን ዕድሜ ያየ መጠን ነው። ከዚህም በላይ ሁሉም ነገር መካከለኛ የለውም። ቅናት፣ ስርቆትና ነፍስ መግደል ገና ከስማቸው ክፉ ናቸው፤ በልኩ መስረቅ የሚባል ነገር የለም።

የጀግንነት አምሳያዎች

አሪስቶትል በሦስተኛው መጽሐፉ ጀግንነት የሚመስሉ፣ ነገር ግን ሙሉ ጀግንነት ያልሆኑ አምስት ሁኔታዎችን ይዘረዝራል። አንደኛው የዜግነት ጀግንነት ነው፤ ሰው ክብርን ሽቶ ወይም ነቀፋን ፈርቶ አደጋን ይጋፈጣል። ሁለተኛው ከልምድ የሚመጣ የወታደር ድፍረት ነው። ሦስተኛው ከቁጣ የሚመጣ፣ አራተኛው «ዕድሌ ሁልጊዜ ይቀናል» ከሚል መተማመን የሚመጣ፣ አምስተኛው አደጋውን ካለማወቅ የሚመጣ ነው።

ይህን ዝርዝር ይዘን ወደ ገጠራችን እንምጣ። ወንድሙ የተገደለበት ሰው አለ። ጎረቤት በፉከራው፣ በቀረርቶው፣ አንዳንዴም በዝምታው «ደሙን ሳትመልስ እንዴት እህል ይወርድልሃል?» ይለዋል። ሰውየው ወጥቶ ይገድላል፤ ስሙም ጀግና ይባላል። አሪስቶትል ቢጠየቅ ምን ይል ነበር? ይህ ሰው የተነሣው ወይ ከቁጣ ነው፣ ወይ ነቀፋን ከመፍራት ነው። ከቁጣ ከሆነ፣ የቆሰለ አውሬም አዳኙ ላይ ይዞራል። ነቀፋን ከመፍራት ከሆነ፣ የጀግንነቱ ምንጭ ፍርሃት ሆነ፤ ጥይት አልፈራም፣ ሐሜት ግን ፈራ። በእርግጥ አሪስቶትል የዜግነት ጀግንነትን ለእውነተኛው የሚቀርብ አድርጎ ያከብረዋል፤ ምክንያቱም ከኀፍረትና ክብርን ከመሻት የሚመነጭ ነውና። ነገር ግን ክብሩ ክብር የሚሆነው ማኅበረሰቡ ሊከበር የሚገባውን ሲያከብር ብቻ ነው። ማኅበረሰቡ የሚያመሰግነው ክፉውን ከሆነ የዜግነት ጀግንነት ወደ ክፋት ይነዳል።

አሪስቶትል ቁጣን ፈጽሞ ተዉ እንደማይል ልብ በሉ። መቆጣት በሚገባን ነገር፣ በሚገባን ሰው ላይ፣ በሚገባን ጊዜና መጠን መቆጣት ለእርሱ ምስጉን ነው፤ በደል እያየ ፈጽሞ የማይቆጣ ሰው ይነቀፋል። ጥያቄው ቁጣው የት ይሂድ ነው። በሽምግልና ጥላ ሥር ተቀምጦ የወንድሙን ደም በካሳና በዕርቅ የሚጨርስ፣ ከዚያም በገበያ «ፈሪ» የሚለውን ቃል ሰምቶ የሚያልፍ ሰው አለ። ሦስቱ ቅድመ ሁኔታዎች በእርሱ ላይ ይገኛሉ፤ ያውቃል፣ ይመርጣል፣ ይጸናል። እንግዲህ በትክክለኛው የቃሉ ትርጉም ጀግና ተብሎ መጠራት የሚገባው የትኛው ነው?

ኩራትና ብልጠት

ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚወስደው መንገድ ማንኩሳን ታገኛላችሁ። ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» የበዛብህ ትውልድ አገር ማንኩሳ ነው። ይህ ልቦለድ በአማርኛ ከተጻፉት የጠባይ ጥናቶች አንዱና ጥልቁ ይመስለኛል፤ ዛሬ የማነሣውም ለዚሁ ነው።

ፊታውራሪ መሸሻ በዘራቸው የሚኮሩ ባላባት ናቸው። ለልጃቸው ለሰብለ ወንጌል የሚመጥን የዘር ክብር ያለው ባል ስለታጣ ልጅቱ የማግቢያ ዕድሜዋ ያልፋል። ራሳቸው ይህን ኩራት «ክብር» ይሉታል። አሪስቶትል በአራተኛው መጽሐፉ ታላቅ ነፍስ ስላለው ሰው ይናገራል፤ ይህ ሰው ለታላቅ ክብር የተገባ ነው፣ የተገባ መሆኑንም ያውቃል። ወዲያውም ያስጠነቅቃል፤ ዘርና ሀብት ኖሯቸው በጎ ጠባይ የሌላቸው ሰዎች የታላቁን ሰው ኩራት ብቻ ይቀዳሉ፣ ሥራውን ግን አይቀዱም፣ ሌላውንም ያለ ምክንያት ይንቃሉ። ፊታውራሪ በባላገሩ ላይ ዘምተው የተማረኩበት ታሪክ ይህንኑ ያሳያል። የወደቁት በክብር ሳይሆን ክብር ብለው በጠሩት ነገር ነው።

ከኩራት ይልቅ ለማየት የሚያስቸግረው ብልጠት ነው። አሜሪካዊው የሰው ልጅ ባህል ተመራማሪ አለን ሆበን እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተመው የአማራ የመሬት ይዞታ ጥናት በደጋ ዳሞት በተደረገ የመስክ ሥራ ላይ የተመሠረተ ነው። እንደ ጥናቱ፣ ርስት በእናትም በአባትም በኩል ከሚቆጠር አውራሽ የሚመዘዝ መብት ስለነበረ በቀጥታ እጅ የሚገባ አልነበረም፤ ሰው በዘመድ፣ በሽማግሌና በዳኛ ፊት ተሟግቶ ማስከበር ነበረበት። እንዲህ ባለ ሥርዓት ነገር አዋቂነት እንጀራ ነው። አሪስቶትል ዓላማን ለማሳካት መንገድ የማግኘት ችሎታን ከ«ፍሮኔሲስ»፣ ማለትም ከተግባራዊ ጥበብ ይለያል። ችሎታው አንድ ነው፤ ግቡ በጎ ሲሆን ይመሰገናል፣ ግቡ ክፉ ሲሆን ተንኮል ነው። አማርኛ ይህን ልዩነት በሁለት ቃላት ይዞታል፦ ብልህና ብልጥ። የዘመድን ርስት ያስመለሰውም፣ የወላጅ አልባን ርስት የነጠቀውም አንድ ዓይነት የሙግት ችሎታ ሊኖራቸው ይችላል። ሁለቱን በአንድ ስም የሚጠራ አገር ልጆቹን ምን እያስተማረ ነው?

ከበረሃ የወጡ ሁለት ወንዞች

የምዕራቡ ዓለም የእኩይ ጠባያት ዝርዝር የመጣው ከግሪክ ብቻ አይደለም። በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግብፅ በረሃ የኖረው ኤቫግርዮስ ስምንት ክፉ አሳቦችን ለየ፦ ሆዳምነት፣ ዝሙት፣ ፍቅረ ንዋይ፣ ኀዘን፣ ቁጣ፣ ስልቹነት፣ ከንቱ ውዳሴና ትዕቢት። ካሲያኖስ ትምህርቱን ወደ ላቲን ወሰደው፤ በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ የሮማው ጎርጎርዮስ ዝርዝሩን ሰባት አድርጎ ትዕቢትን ሥራቸው አደረገው። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቶማስ አኵናስ አራቱን የግሪክ በጎ ጠባያት ከእምነት፣ ከተስፋና ከፍቅር ጋር አስተባብሮ ሰባት በጎነቶችን አስተማረ።

የእኛም ወንዝ ከዚያው በረሃ ይጠጣል። በትርጓሜ ቤት ከብሉይ፣ ከሐዲስና ከሊቃውንት ቀጥሎ የሚጠናው መጻሕፍተ መነኮሳት ማር ይስሐቅን፣ ፊልክስዩስንና አረጋዊ መንፈሳዊን ይይዛል፤ ማር ይስሐቅ ከኤቫግርዮስ ብዙ የተማረ ጸሐፊ ነው። የግሪክ ፈላስፎች ስምም ቢሆን ለግእዝ አንባቢ አዲስ አይደለም። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አባ ሚካኤል ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የመለሱት «አንጋረ ፈላስፋ» በሶቅራጥስ፣ በአፍላጦንና በአሪስቶትል ስም የሚነገሩ ምክሮችን ይዟል፤ ፕሮፌሰር ክሎድ ሰምነርም ይህን መጽሐፍ ተርጉመው እ.ኤ.አ. በ1974 በአዲስ አበባ አሳትመውታል። ስለዚህ «የምዕራቡ ፍልስፍና» ስንል ፈጽሞ ከውጭ የመጣ ነገር እንደምናይ አናስብ።

በዚህ ወራሽነት ላይ የተነሣው ብርቱ ተቃዋሚ ዴቪድ ሂዩም ነው። እ.ኤ.አ. በ1751 ባሳተመው የሥነ ምግባር መርሆች ጥናት ድንግልናን፣ ጾምን፣ ንስሐን፣ ራስን መካድን፣ ትሕትናን፣ ዝምታንና ብቸኝነትን «የመነኮሳት በጎነቶች» ብሎ ከበጎዎች ዝርዝር አውጥቶ ከእኩዮቹ ጋር መደባቸው። ለሂዩም በጎ ጠባይ ለባለቤቱ ወይም ለሌሎች የሚጠቅም ወይም ደስ የሚያሰኝ ጠባይ ነው፤ እነዚህ አንዱንም አያሟሉም ብሎ ያምናል።

ይህ ክስ ለጎጃም ሰው ቀላል አይደለም። በዛብህን አስቡት። ታማሚ ሕፃን ሳለ ወላጆቹ ከሞት ቢተርፍ ሳያገባ ቤተ ክርስቲያንን እንዲያገለግል ይሳላሉ። ስለቱ ከፍቅርና ከእምነት የመነጨ ነው፤ ፍጻሜው ግን የበዛብህና የሰብለ ወንጌል መከራ ነው። ሂዩም ይህን ቢያነብ «አልነገርኳችሁም?» ይል ነበር። እኔ ግን ከሂዩም ጋር እዚህ እለያያለሁ። የስለቱ ስሕተት ድንግልና በራሱ እኩይ መሆኑ አይደለም። ስሕተቱን የሚያሳየን የአሪስቶትል ሁለተኛ ቅድመ ሁኔታ ነው፤ በጎ ሥራ በሠሪው መመረጥ አለበት። ሰው ለራሱ መርጦ የሚገባበት ተጋድሎ ትሩፋት ሊሆን ይችላል፤ በሌላ ሰው ጫንቃ ላይ የሚጫን ተጋድሎ ግን፣ የጫነው ወላጅ እንኳ ቢሆን፣ የማንም ትሩፋት አይሆንም። ልጁ አልመረጠም፤ ወላጆቹ ደግሞ የተሳሉት የራሳቸውን ሕይወት አይደለም።

ከሕግ ወደ ጠባይ መመለስ

በአዲሱ ዘመን የምዕራቡ ፍልስፍና ትኩረት ከጠባይ ወደ ግዴታና ወደ ውጤት ዞረ። ካንት እ.ኤ.አ. በ1797 በጎነት የፈቃድ ብርታት ነው ብሎ ጻፈ፤ በጎነትንና እኩይነትን የሚለየው መጠን ሳይሆን መርሕ ነው በማለትም የመካከለኛነትን አሳብ ነቀፈ። የጥቅም ፈላስፎች ደግሞ ድርጊቱን በሚያመጣው ደስታ መዘኑት። እ.ኤ.አ. በ1958 ኤልዛቤት አንስኮም ሕግ ሰጪውን ትተን «ግዴታ» የሚለውን ቃል ብቻ ይዘን ቀርተናል ስትል ሞገተች፤ ወደ ጠባይ ጥናት እንድንመለስም ጠየቀች። ፊሊፓ ፉት እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተመችው መድበል እያንዳንዱ በጎ ጠባይ ሰው በተለይ በሚፈተንበት ቦታ የሚቆም ማረሚያ መሆኑን አሳየች። አላስደር ማኪንታየር እ.ኤ.አ. በ1981 «ከበጎነት በኋላ» በተባለው መጽሐፉ በጎ ጠባያት ትርጉም የሚኖራቸው በጋራ ሥራና በወግ ውስጥ ነው አለ። ደቦንና ወንፈልን የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ በወንፈል የራሱን አሳርሶ በሌላው ተራ የሚጠፋ ሰው ምን እንዳጎደለ ለማወቅ የሕግ አንቀጽ አያስፈልገውም።

ተቃውሞም አለ። እ.ኤ.አ. በ1973 ጆን ዳርሊና ዳንኤል ባትሰን በፕሪንስተን የነገረ መለኮት ተማሪዎች ላይ ያደረጉትን ሙከራ አሳተሙ። ተማሪዎቹ ንግግር ለማድረግ ወደ ሌላ ሕንጻ ሲሄዱ መንገድ ላይ የሚያቃስት ሰው ያገኛሉ፤ አንዳንዶቹ የሚናገሩት ስለ ደጉ ሳምራዊ ነበር። ካልቸኮሉት ከመቶ 63ቱ፣ በመጠኑ ከቸኮሉት 45ቱ፣ እጅግ ከቸኮሉት ግን 10ሩ ብቻ ረዱ። አንዳንድ ፈላስፎች ከዚህ ተነሥተው «የጸና ጠባይ የሚባል ነገር የለም፣ ሁኔታ እንጂ» ብለው ደመደሙ።

ድምዳሜው ከማስረጃው ይበልጣል። አሪስቶትል የጸና በጎ ጠባይ ብዙ ሰው ያለው ነገር ነው አላለም፤ አስቸጋሪና ብርቅ መሆኑን ነው የተናገረው። ከአሥሩ አንዱ እየቸኮለም ቆሟል። ሆኖም ሙከራው ለእኛ ለመምህራን ከባድ ትምህርት አለው። ተማሪው በፈተና እንዳይኮርጅ ከፈለግን ስለ ሐቀኝነት መናገር አይበቃም። ቸኮል፣ ፍርሃትና «ሁሉም ያደርገዋል» የሚል አየር በሞላበት ክፍል ሐቀኝነት አይለመድም። ጠባይ በልማድ የሚመጣ ከሆነ፣ ልማዱ የሚታረስበትን ማሳ የሚያዘጋጁት ተቋማት ናቸው።

ስሙን መመርመር

ወደ መነሻው ጥያቄ እንመለስ። አንድ ጠባይ በጎ ስም ይዞ ሲቀርብልን ሦስት ነገሮችን እንጠይቅ። መጀመሪያ፣ ምንጩ ምንድን ነው? ቁጣና ሐሜትን መፍራት ከሆነ ስሙ ጀግንነት አይደለም። ቀጥሎ፣ ግቡ ምንድን ነው? የሌላውን ድርሻ መንጠቅ ከሆነ ስሙ ብልህነት አይደለም። በመጨረሻም፣ ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው? ተጋድሎው በሌላ ሰው ሕይወት የሚከፈል ከሆነ ስሙ ትሩፋት አይደለም።

«ስሞቹን ያወረሰን ያው ማኅበረሰብ ከሆነ፣ ስሞቹ ሲሳሳቱ በምን እናርማቸዋለን?» የሚል ቢኖር ጥያቄው ትክክል ነው። ጉዱ ካሣ የዘመኑን ሰዎች ስም አጠራር ቢቃወም ያገኘው ስም «ጉዱ» ነበር። መልሴ ግን ወጋችን አንድ ድምፅ ብቻ የለውም የሚል ነው። ያው አገር ፉከራም አለው፣ ሽምግልናም አለው፤ «ወንድ ነው» የሚል ምስጋናም አለው፣ ብልጥን ከብልህ የሚለይ ቋንቋም አለው። ለማረም የሚያስፈልገን መሣሪያ በአብዛኛው በራሳችን አፍ ውስጥ አለ። የፍልስፍና ሥራ ያንን መሣሪያ ማንሣት፣ መሳልና በመጀመሪያ በራሳችን ላይ መሞከር ነው። ልጆቻችን የምናመሰግነውን ነገር ይለምዳሉና፣ ምስጋናችንን ማን እንደሚወስድ መጠንቀቅ የሁላችንም ኃላፊነት ነው።